ሐሙስን ረቡዕ ያደረግሁበት ቀን

መጀመሪያ የጠራኝ ጢሱ ነው። ከማኒላ ጎን ባለችው ኬዞን ሲቲ፣ በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የዲሊማን ግቢ፣ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሄጄ ነበር። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ከክፍል ስንወጣ ከዛፎቹ ሥር ከሰል ይያያዛል። የማራገቢያው ድምፅና የፍሙ ብልጭታ፣ ዐይኔን ብጨፍን፣ ክረምት ላይ በቆሎ ከሚጠበስበት የሰፈሬ መታጠፊያ የቆምኩ ያህል ነበር። ችግሩ ዐይኔን ስገልጥ ነው።

ፍሙ ላይ የተደረደረው በቀጭን የቀርከሃ እንጨት እየተጠማዘዘ የተሰካ አንጀት ነው፤ የዶሮም የአሳማም። ኢሳው ይሉታል። ከጎኑ የዶሮ እግር አለ፤ ስሙ አዲዳስ፣ ጣቶቹ የጫማውን ሦስት መስመር ስለሚመስሉ። የዶሮ ጭንቅላት ሄልሜት፣ የአሳማ ጆሮ ዎክማን ይባላል። ረግቶ በአራት ማዕዘን የተቆረጠው ደም ደግሞ ቤታማክስ ነው። ያንን ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ያየ ሰው ለምን እንደተባለ አይጠይቅም። ካሴቱ ከገበያ ከወጣ ቆየ፤ ስሙ ግን ከፍሙ ላይ አልወረደም።

እኔ ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት አላት ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ለፋሲካ ዶሮ ስትገነጥል አንጀቱ ለድመት ነበር። በደምና በአሳማማ ክርክር የለም። (ጥሬ ሥጋ ቆመን የምንቆርጥ ሰዎች በሌላው ማዕድ መጸየፍ ያምርብን እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።)

የሥልጠናው ጸሐፊ እኩያዬ የምትሆን ሴት ነበረች። አንድ ሐሙስ ከራሷ ኪስ ከፍላ ኢሳውና ቤታማክስ ይዛልኝ መጣች። ምን ልበል? “ዛሬ ጾም ነኝ” አልኳት። የሁዳዴም የፍልሰታም ወቅት አልነበረም።

እሷ ካቶሊክ ናት፤ በጾም አትከራከርም። ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝና የራሷንም ሳትቀምስ በወረቀት ጠቀለለችው። “አንተ እየጾምክ ፊትህ አልበላም” አለች። ስትሯሯጥ ውላ ምሳ እንዳልቀመሰች አውቃለሁ።

በነጋታው ዐርብ፣ በእውነተኛው ጾም፣ በእንጨት የተሰካ ሙዝ ይዛልኝ መጣች፤ ሳባ የሚሉት ወፍራሙ ሙዝ በዘይትና በቡኒ ስኳር ተጠብሶ። “ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም፤ ጠይቄያለሁ” አለችኝ። ሙዙ ግሩም ነበር። ጉሮሮዬ ግን አላወርድም አለኝ።

ቅዳሜ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ፣ “የድሃ ምግብ ስለሆነ ነው?” አለችኝ። አይደለም ብዬ ልምል ነበር፤ ግን አንዱን ውሸት ገና መናዘዜ ነበርና “በከፊል” አልኳት።

ያን ጊዜ ነው እናቷ ኢሳው ሻጭ እንደነበሩ የነገረችኝ። አንጀቱ ይገለበጣል፣ በጨውና በአቼቶ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰካው። ልጅ ሳለች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የምትገለብጠው እሷ ነበረች። የአቼቶው ሽታ ከእጇ ሳይለቅ ትምህርት ቤት ትገባለች። ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ምድጃው ወሰደችኝ። ሻጯን “አቴ” ብላ ጠራቻት፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እንደኛ እትዬ። የማልበላውን ነገረቻት። ሴትየዋ ምንም አልመሰላትም። ከሰሉን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ሌላ ሽቦ ዘረጋችና የእኔን የዶሮ አንጀት ለብቻው ጠበሰች፤ የስጎውንም ብሩሽ ቀየረች። (ዶሮውን ማን ባርኮ እንዳረደው አልጠየቅሁም።) ስጎው የሙዝ ካቻፕ አለበት። ቲማቲም ሲያጥር ካቻፕን ከሙዝ የሠራችው ማሪያ ኦሮሳ የተባለች የምግብ ባለሙያ ናት ይባላል፤ በ1945 እ.ኤ.አ. በማኒላው ውጊያ ሞተች።

ሽንኩርትና ቃሪያ በተከተፈበት አቼቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠለቃል፤ ዕቃው የሁሉም ነውና የነከሱትን መመለስ ነውር ነው። አጥልቄ ነከስኩ። ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ ይለመጣል። መጀመሪያ ጢስ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ አቼቶው ምላስ ይቆነጥጣል፤ መጨረሻ ላይ ከዱለት የማውቃት ትንሽ ምሬት።

እሷ ቤታማክሷን ይዛ ፊቴ ቆማ ቀስ እያለች በላች።

“ዛሬ ምን ቀን ነው?” አለችኝ፣ አራተኛውን እንጨት ሳነሣ።

“ቅዳሜ” አልኳት።