የወደቀ የማይመታበት ሜዳ
ከነጭ ዓባይ ዳር

ከጁባ ተነሥቶ የነጭ ዓባይን ምዕራባዊ ዳርቻ እየተከተለ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ተረከካ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ጉዞ ነው፤ በክረምት ግን ያ ጥቁር ጭቃ ጎማውን አንቆ ሲይዘው ኪሎ ሜትር የሚባለው መለኪያ ትርጉም ያጣል። አገሩ ሜዳ ነው። ጋራና ሸንተረር የለመደ የእኛ ሰው ዐይን ማረፊያ አጥቶ ሲዋልል ይቆይና በመጨረሻ የሚያርፈው በከብቶቹ ቀንድ ላይ ነው። የሙንዳሪ ሕዝብ ከብት ቀንድ እንደ ክራር ክንድ ግራና ቀኝ ተለጥጦ ወደ ሰማይ የሚወጣ በመሆኑ፣ ምሽት ላይ መንጋው ሲሰበሰብ ከሩቅ ለተመለከተው ቅጠሉ የረገፈ ጫካ ይመስላል።

በከብት ሰፈሩ ማታ ማታ ኩበት ይጨሳል። ጭሱ ትንኝና ዝንብ ያባርራል፤ አመዱ ደግሞ ለሰውም ለከብትም ገላ ይቀባል። እዚያ አመድ ላይ፣ ገና ጥርሳቸውን በቅጡ ያልነቀሉ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተያያዙ ይታገላሉ። ታላቅ ወንድም አጠገባቸው ቆሞ ያርማል፦ ወገብህን ዝቅ፣ እጅህን ወደ ፊት፣ ዐይንህን ከእግሩ አትንቀል። የዛሬው ጽሑፌ ይህ የልጆች ጨዋታ አድጎ፣ ወደ ከተማ ገብቶ፣ የመግቢያ ትኬት የሚቆረጥበትና ሽልማት የሚያስገኝ ግጥሚያ ስለ መሆኑ ነው።

በቋንቋችን «ትግል» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። ለእኛ ለወታደሮች በመጀመሪያ የሚታወሰን ሁለተኛው፣ የኋላው ትርጉም ነው። የፊተኛው ግን ሰውና ሰው ተያይዘው አንዱ ሌላውን የሚጥልበት ጨዋታ ነው፤ በአገራችንም ከገናና ከገበጣ ጋር በባህላዊ ስፖርቶች ውድድር የሚካሄድ ነው። እዚህ የማወራው ስለዚህ ስለ ፊተኛው ትርጉም ነው፤ ምንም እንኳ እየቆየ የኋላኛው ጣልቃ መግባቱ ባይቀርም።

ለሰላም ማስከበር ተልእኮ ወደ ደቡብ ሱዳን የዘመቱ ጓዶቻችን ከሚያነሧቸው ትዝታዎች አንዱ የጁባው ግጥሚያ ነው። እኔም ከዕረፍት ሰዓት ጋር ገጥሞልኝ ለማየት በቅቻለሁ። ታጋዮቹ አንድ በአንድ እየመጡ ሜዳ አይገቡም። የየወረዳው ወጣት ከበሮውን፣ ባንዲራውንና ዘፋኞቹን አሰልፎ እንደ ሻምበል ጦር ተራምዶ ይገባል። ገላቸው አመድ ለብሷል፤ ወገባቸው ላይ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ወይም ባለ ቀለም ቁምጣ፣ አንገታቸው ላይ ዶቃ አለ። ከዚያ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ከመካከል ይወጣሉ። ያለ ልምድ ለሚያይ የመጀመሪያው ደቂቃ ምንም ያልተፈጸመበት ይመስላል፤ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ወደ መሬት ዘርግተው፣ አንዱ የሌላውን መዳፍ ቸብ እያደረገ ይዞራሉ። እውነተኛው ሥራ የሚሠራው ግን ያን ጊዜ ነው። እያንዳንዱ የሌላውን ሚዛን ይለካል፤ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደ ጣለ ያጠናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከዐይን ይፈጥናል፦ አንገት ይያዛል፣ ጭን ይታፈሳል፣ ሁለት ግዙፍ ሰዎች አንድ ይሆናሉ፣ አቧራ ይነሣል። አቧራው ሲገልጥ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ነው።

በዚህ ያበቃል። ቡጢ የለም፣ ርግጫ የለም፣ ንክሻ የለም። ጀርባው መሬት የነካ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንም እጁን ሊያሳርፍበት አይችልም። ዳኛው ያነሣዋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የጣለው ራሱ እጁን ዘርግቶ ያነሣዋል። አሸናፊው በወገኖቹ ትከሻ ላይ ወጥቶ ሜዳውን ሲዞር፣ የተሸነፈው አመዱን አራግፎ ወደ ሰዎቹ ይመለሳል። ከኃፍረት በቀር የጎደለበት ነገር የለም፤ ኃፍረቱንም በሚቀጥለው ግጥሚያ ሊያጥበው ይችላል።

ይህን ሥርዐት ከባድ የሚያደርገው የተጋጣሚዎቹ ማንነት ነው። በጁባ ሜዳ ላይ በጉጉት የሚጠበቀው ግጥሚያ በሙንዳሪና በቦር ዲንቃ መካከል የሚደረገው ነው። ቦር ከጁባ በስተ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ትገኛለች። በ1984 ዓ.ም. በቦር አካባቢ ታላቅ እልቂት በደረሰ ጊዜ፣ የተረፈው ሕዝብ ከብቱን እየነዳ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ በኋላም ከሙንዳሪና ከሌሎች የኢኳቶሪያ ሕዝቦች ጋር በግጦሽ፣ በውኃና በተረገጠ ማሳ ምክንያት ይጋጭ ጀመር። ከብት ተዘረፈ፤ ደም ፈሰሰ። በየዓመቱ የሚያገረሽ ቂም ነው። እንግዲህ በሜዳው ላይ አንገት ለአንገት የሚተናነቁት የእነዚህ ሰዎች ልጆች ናቸው። በመካከላቸው ካለው ደንብ በስተቀር ሌላ አጥር የለም።

ትግሉ ከከብት ሰፈር ወደ ስታዲየም የገባው በአንድ ቀን አይደለም። ከጥር 1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ በተመላሾች ሞላች፤ አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ባወጀችበት ዘመን አካባቢም ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ብቅ አሉ፤ ትኬት ተቆረጠ፤ ለአሸናፊ ገንዘብ ወይም ኮርማ ተመደበ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ነገር አፈረሰ። ያም ሆኖ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገሮች የመጡ ታጋዮች ለሰላም በሚል መጠሪያ በጁባ ስታዲየም ተጋጠሙ።

ወደ ባለቤቶቻችን ጉዳይ ልምጣ፤ ይህ የጋዜጣው ገጽ የቤተሰብ ነውና። በሜዳው ዳር ካሉት ሁሉ ዐይኔን የሳቡት ታጋዮቹ ሳይሆኑ ሴቶቹ ነበሩ። ከበሮው የእነርሱ ነው፤ እልልታው የእነርሱ ነው፤ ዘፈኑም። አብሮኝ የተቀመጠው አስተርጓሚ እንደ ነገረኝ፣ ዘፈኑ የታጋዩን ስም፣ የአባቱን ስምና የበሬውን ቀለም እየጠራ ያሞግሳል፤ የተሸነፈውንም ሳይሳደብ ይሸነቁጠዋል። ወጣቱ ዳኛውን ከሚፈራው ይልቅ ያንን ዘፈን ይፈራል። እኛም ይህን ነገር እናውቀዋለን፤ በቀረርቶና በሽለላ ያደገ ሰው፣ የእናት ወይም የእኅት አንዲት ቃል ጎረምሳን ወዴት ልትነዳው እንደምትችል ሲነገረው አይደንቀውም።

ከሜዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ምግብና ቡና የምትሸጥ አንዲት የአገራችን ሴት አለች። በጁባ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው።

«እትዬ፣ ትግሉ ገበያ ያመጣልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ገበያስ ያመጣል፤ በዚያን ቀን ሁለት ድስት ጨምሬ ነው የምጥደው» አለችኝ ከሰሉን እያራገበች። «ግን ልጄ፣ እኔ የምሰማው ዘፈኑን ነው። ቋንቋቸውን ዐሥር ዓመት ሙሉ ለምጄዋለሁ። ሴቶቹ የታጋይ ስም ሲያነሡ ቤቴን ክፍት አድርጌ አድራለሁ። የሞተ ሰው ስም ሲያነሡ ግን ጊዜ አልሰጥም፤ ቶሎ እዘጋለሁ።»

የሞተ ሰው ስም የሚጠራበት ዘፈን ብድር መላሽ ፍለጋ የሚዘፈን ነው። ያው ከበሮ፣ ያው ድምፅ፣ ያችው እናት ናት። ልጇን ወደ ሜዳ የላከችው ዘፈን መልኩን ሲለውጥ ወደ ዘረፋ ይልከዋል፤ በዚያም የሚጠብቀው አመድ ሳይሆን ጥይት ነው።

ከዘፈኑ በስተ ጀርባ ደግሞ ጥሎሽ አለ። በዚያ አገር ሚስት ለማግባት በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጥ ከብት ይቆጠራል። አባቱ ከብት የሌለው ጎረምሳ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቃል፣ ወይ የሌላውን በረት ይደፍራል። ግጥሚያ አሸንፎ ኮርማ እየጎተተ የሚመለስ ወጣት ሦስተኛ መንገድ አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ኮርማ ጥሎሽ እንደማይሞላ መናገር ግዴታዬ ነው። ለመቶ ጎረምሳ የሚበቃ ሽልማት ያለው ስታዲየም አላየሁም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። ከላይ ያልሁት የሰላም ግጥሚያ በተካሄደበት በዚያው በሚያዝያ ወር፣ በ7ኛው ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልላችን በኑዌር ቀበሌዎች ላይ ወረራ ፈጽመው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትና ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ የከብት መንጋ ነድተው ወሰዱ። ሠራዊታችን ድንበር ተሻግሮ ተከታተላቸው፤ ከሕፃናቱም ብዙዎቹ በየጊዜው ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ። የአንድ ሕዝብ ታጣቂዎች ባደረጉት መላውን ሕዝብ መወንጀል ተገቢ አይደለም፤ ሙርሌዎችም በተራቸው የሌሎች ወረራ ሰለባ ሆነው ያውቃሉ። እኔ የማስተያየው ሁለቱን የኀይል መለኪያዎች ነው። በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ አገር ወጣቶች እጅ፣ አንዱ በጁባ አቧራ ላይ ያበቃ ሲሆን ሌላው በጋምቤላ ከቤት ወደ ቤት ዘለቀ።

በእኛም ወገን፣ ከዚያው ድንበር አጠገብ፣ ሱርማዎች «ዶንጋ» የሚባል የበትር ግጥሚያ አላቸው። ከትግሉ ይልቅ አስፈሪ ነው፤ ደም ይፈስሳል። ነገር ግን በዚያም መግደል ክልክል ነው፤ የገደለ ካሣ ይከፍላል። ከሱዳን ጦርነቶች ጋር አውቶማቲክ ጠመንጃ ወደ አካባቢው እንደ ጎረፈ፣ በበትር የተጀመረ ጠብ በጥይት የሚጨረስበት ጊዜ መጣ። ሽማግሌ በበትር ላይ ያለውን ሥልጣን በክላሽ ላይ ማግኘት ከብዶታል።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ካርቱም ዘልቀን ብናይ ሌላ ምዕራፍ እናገኛለን። የኑባ ተራሮች ሕዝብ ከመከር በኋላ መታገል የቆየ ልማዱ ነው፤ እንግሊዛዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጆርጅ ሮጀር በ1941 ዓ.ም. ያነሣቸው የኑባ ታጋዮች ምስሎች ዓለምን ዞረዋል። ጦርነትና ድርቅ ከተራራው ያፈናቀላቸው ኑባዎች በካርቱም ዳርቻ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ሲሰፍሩ ትግሉን ይዘው መጡ። ከጦርነቱ በፊት ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ይገባ ነበር፤ ታጋዮቹም የቅጽል ስም ነበራቸው። ቀን የቀን ሥራ ሲሠራ የዋለ፣ በከተማይቱ ውስጥ ማንም በስሙ የማይጠራው ሰው፣ ዓርብ በሜዳው ላይ ሺህ ሰው ስሙን ይጠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ያሱሂሮ ሙሮታትሱ የተባለ የጃፓን ኤምባሲ ዲፕሎማት ልብሱን አውልቆ ከእነርሱ ጋር ገጠመ፤ ተሸነፈም፤ ተመልካቹ ግን እንደ አሸናፊ ጨበጨበለት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ የከተማይቱ ነዋሪ ተበተነ። ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሻገሩ።

የጁባ አዘጋጆች ትግል ሰላም ያመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። በበኩሌ ቃሉ ከሥራው ይበልጥብኛል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከተጨበጨበው ጭብጨባ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ጁባ እንደገና በመድፍ ተናወጠች። ስታዲየም ጠመንጃ አያስፈታም። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ የሙንዳሪው ጎረምሳ የቦሩን ጎረምሳ በስሙ፣ በአያያዙና በድክመቱ ያውቀዋል። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች መልእክት የሚልኩት በእንዲህ ያለ ትውውቅ በኩል ነው፤ ትውውቁ በሌለበት መልእክተኛውም የለም።

ወደዚያ የምትዘምቱ ጓዶች ግጥሚያ ለማየት ፈቃድ ካገኛችሁ፣ ከሁለቱ ወገን በአንዱ መካከል አትቀመጡ፤ ዳኞቹ ካሉበት በኩል ሁኑ። በቀለማት ተጠንቀቁ፤ የአንዱን ወገን ባንዲራ የሚመስል መሐረብ መያዝ ደጋፊ ያሰኛል። ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሡ። ታጋይ ገላው ላይ ያለውን አመድ ክንዳችሁ ላይ ቢያሳርፍባችሁ ሰላምታ ነውና ወዲያው አትጥረጉት። ሲመሽም እትዬ ዘንድ ጎራ በሉ፤ በግጥሚያ ቀን ወጡ ቶሎ ያልቃል።