ጣሪያ ይመረቃል፣ ቦይ አይመረቅም

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ለዓመታት አዲስ አበባ የኖረ አንድ የላስታ ልጅ ለሳምንት እረፍት አገሩ ገባ። በማግስቱ ከአጎቱ ጋር ላሊበላ ወጣ። አጎቱ እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ ቤተ ጊዮርጊስን ይሳለማል ብለው ነበር። እሱ ግን ቁልቁል ወደ ዮርዳኖስ ወረደ።

ዮርዳኖስ በስሙ ወንዝ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ሁለት ቦታ ከፍሎ በመካከላቸው የሚያልፍ የውሃ መውረጃ ነው፤ ክረምት ካልሆነ ግን ውሃ አይታይበትም። ጎብኚው ውስጡ የቆመውን፣ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበውን መስቀል ፎቶ ያነሳና ወደ ቀጣዩ ቤተ ክርስቲያን ይሻገራል። ሰውየው ግን ጎንበስ ብሎ ወለሉን ያይ ጀመር። ደለል፣ ከላይ የተንከባለለ ድንጋይ፣ አንድ ሁለት የውሃ ፕላስቲክ።

«እዚህ ደረቅ ፈፋ ውስጥ ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉ አጎቱ።

«ጋሼ፣ ማሳዎ ላይ ፈሰስ ሳያወጡ ቢዘሩ ምን ይሆናል?»

ሳቁ። ፈሰስ ማለት ገበሬው ጎርፍ እንዲወርድበት በእርሻው ላይ የሚያወጣው ትልም ነው። «ምን ይሆናል! ዳገቱን ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳላ። ሜዳው ላይ ደግሞ ውሃው ይተኛና ዘሩን ያበሰብሰዋል።»

ነገሩ ይኸው ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን አስቡት። ወደ ላይ የተገነባ አይደለም፤ አለቱ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤት ማለት ነው። የላስታ ክረምት ደግሞ ይታወቃል። ውሃው መውጫ ባይበጅለት ኖሮ ያ ግቢ በመጀመሪያው ነሐሴ ኩሬ ይሆን ነበር። ዛሬ የምናደንቃቸው ጥልቅ ቦዮች ሰው የሚመላለስባቸው መተላለፊያዎች ብቻ አይደሉም፤ የውሃ መውረጃዎችም አሉባቸው። ጠራቢዎቹ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ዝናቡንም ያውቁት ነበር።

ያ እውቀት ግን ተዘነጋ። መውረጃዎቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆዩ። የተጠረጉት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም አዛብቷቸዋል። ቦታውን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ራሱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በውሃ ክፉኛ የተጎዱት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይገልጻል። በቤተ ማርያም መግቢያ ያሉት ቅርጻ ቅርጾች ሳይቀሩ ተጎድተዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ክርክራችን ሁሉ ስለ ጣሪያ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ፣ ለጊዜው ተብለው የተሠሩት መጠለያዎች ከአሥር ዓመት በላይ ቆሙ። በ2011 ዓ.ም. የላሊበላ ሕዝብ ቅርሱ እንዲታደግለት ሰልፍ ወጣ። መጮኹም ትክክል ነበር። ነገር ግን ጣሪያ ከላይ የሚዘንበውን ይመልሳል እንጂ ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍና በአለቱ ውስጥ የሚሰርገውን እርጥበት አይመልስም። ጣሪያው ላይ ያረፈው ዝናብ ራሱ የሆነ ቦታ መውረድ አለበት። የትም ብንዞር የምንመለሰው ቦዩ ላይ ነው።

«እንግዲያው ዶማ ይዘን እንውረድ» የሚል ካለ ትንሽ ይታገስ። የቅርስ ቦይ የጓሮ ቦይ አይደለም፤ ደለሉ ውስጥም ታሪክ ስላለ የሚነካው በባለሙያ ነው። ሆኖም በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ቦዮቹን ዞሮ ማየት፣ የተደፈነውን መዝግቦ ማሳወቅ፣ ቆሻሻ እንዳይጣልባቸው መጠበቅ የሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አይጠይቅም። የሚረሳው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ሪባን ስለማይቆረጥለት ነው።

አጎቱ የተከመረውን ደለል በዱላቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«እኔ ፈሰስ ሳላወጣ ያሳለፍኩት ክረምት የለም» አሉ። «ይኼን ማን ነው የሚያወጣው?»

ሰውየው መልስ አልነበረውም። ፕላስቲኮቹን ለቅሞ በፌስታል ያዘ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አቀኑ። ከአቡነ ዮሴፍ በኩል ደመና መቋጠር ጀምሯል።