መርከብ የሚመጣበት ክረምት

ኢሉባቦር ባሕር የለውም። ቢሆንም ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ መርከብ ይመጣበት ነበር። ታዲያ በምን በኩል? በወንዝ ነዋ! ከመቱ ተነስተን እንከተለው።

መቱ አጠገብ ሶር ወንዝ ያልፋል። ሶር፣ ገባ ከሚባል ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ገባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ ይሆናሉ። ባሮ ደጋውን ለቆ ጋምቤላ ሲደርስ መሬቱ ሜዳ ነው። መርከብ የሚችለው ከዚያ ወዲያ ነው። ጋምቤላ ዛሬ የራሱ ክልል ነው፤ ያን ጊዜ ግን የኢሉባቦር ነበር።

በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። በውሉ ላይ ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። መሬቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዱሮው ልክ 10 ጋሻ ማለት ነው። ሱዳንን የሚገዙት እንግሊዞች ስለነበሩ ጣቢያውን ያዙት እነሱ ናቸው። ውሉ የሚለው ኢታንግ አጠገብ ነው፤ ጣቢያው የተቆረቆረው ግን ጋምቤላ ላይ ሆነ።

መርከቡ የሸራ መርከብ አይደለም። እንጨት እያነደደ በእንፋሎት ይሠራል። ከኋላው ውሃውን የሚቀዝፍ ትልቅ መንኰራኩር አለው። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ብዙ አይሰምጥም። ጭነቱ በጎኑ በታሰሩ ሞተር የሌላቸው ጀልባዎች ላይ ይደረጋል። ከጋምቤላ ተነስቶ በባሮ፣ በሶባት፣ ከዚያም በነጭ አባይ አድርጎ ካርቱም ይገባል። መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ባሮ በበጋ ይጎድላል፤ መርከቡ አሸዋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚመጣው በክረምት ብቻ ነው። ቡና የሚለቀመው ደግሞ በበጋ ነው። በቅሎና ተሸካሚም ቢሆን ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ያንን ቁልቁለት የሚወርደው በበጋ ነው። በክረምት ጭቃው ማንን ያሳልፋል? መንገዱ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል፤ ወንዙ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል። እና ቡናው ጋምቤላ መጋዘን ገብቶ ዝናብ ይጠብቃል። ጨውና ጨርቅም በክረምት መርከብ መጥቶ ወደ ደጋ ለመውጣት በጋን ይጠብቃል። ጎሬ ላይ ጨው የሚገዛ ሰው ያለፈውን ክረምት ጨው ይገዛ ነበር ማለት ነው። ነጋዴውም ገንዘቡ ወራት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተኝቶበት ይቆያል።

በጦርነቱም ወንዙ ሠርቷል። ጋምቤላ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች በዚያ በኩል ገፍተው ሰኔ ላይ ደምቢ ዶሎ ያለው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። ስንቃቸው የሚመጣው በዚሁ በወንዝ ነበር።

ሱዳን ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፤ ውሉም አበቃ። በዓመቱ ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። መርከቡ ግን ወዲያው አልቀረም፤ እየሳሳ ሄደ እንጂ። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነስቷል፤ በጅማ በኩልም የመኪና መንገድ መጣ። መኪና ክረምት አይጠብቅማ! በወንዙ ንግድ የደመቀችው ጎሬ ቀዘቀዘች። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነትም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ መቱ ዞረ። የመቱ ቡና ዛሬ በመኪና ተጭኖ፣ በበደሌ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።