ሁለት መቀመጫ



በዚህች በእጅ በምትገለበጥ መጽሔታችን ላይ ስለ ውኃ ወረፋ፣ ስለ ራሽንና ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። እኛም በበኩላችን የድርሻችንን ጽፈናል። ዛሬ ግን ፈቃዳችሁ ቢሆን ስለ አንዲት የአሜሪካን መኪና እናወጋችኋለን። «ጫማችሁን ሳትጠግኑ የምን መኪና ነው?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን እንጂ መኪናዪቱ የኛ ነበረች። እንዴት የኛ እንደ ሆነች እስክንነግራችሁ ድረስ ታገሡን።

እኛ ስንል አራት ነን። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ተደራራቢ አልጋ በነበረው ጠባብ ክፍል አብረን ኖረናል። አንዱ የጂኦግራፊ፣ አንዱ የሒሳብ፣ አንዱ የስፖርት፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ደግሞ የአማርኛ ዕጩ መምህራን ነበርን። ስማችንን ትተን በትምህርታችን ስለነበር የምንጠራራው እዚህም በዚያው እንቀጥላለን።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ አፈሰሰና የረጠቡትን መጻሕፍት ወደ ፀሐይ እንድናወጣ ታዘዝን። ከክምሩ መካከል ሽፋን የሌለው አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት አገኘን። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን ከመጡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎች አንዱ ትቶት የሄደው ሳይሆን አይቀርም። ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ከተረፉት ገጾች በአንዱ ላይ በጥቁርና ነጭ የታተመ የመኪና ፎቶግራፍ ነበረ። ጣሪያዋ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ከፊት ያለው የአየር ማስገቢያዋ ለመሳም እንደ ሾለ ከንፈር የጠበበ፣ መቀመጫዋም ሁለት ብቻ ነው። ስሟ ካይዘር ዳሪን፣ ዘመኗም እ.ኤ.አ. 1954 ይላል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን በሯ ነው። እኛ የምናውቀው የመኪና በር እንደ ቤት በር ወደ ውጭ የሚከፈተውን ነው። የዚህችኛዋ ግን በሐዲድ ላይ ወደ ፊት ተንሸራቶ ፓራፋንጎው ውስጥ ይገባል፤ ጎራዴ ሰገባው ውስጥ እንደሚገባ ማለት ነው። የስፖርቱ ገጹን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አየና፣ «ይቺ እንኳ ጠባብ መንደር ውስጥ ብትቆም ከጎረቤት አታጣላም» አለ።

ገጹን ቀደን ወሰድነው። መምህር ሆኖ መጽሔት መቅደድ ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ ለተማሪዎቻችንም ይህን አላስተማርንም።

ከዚያ በኋላ «የማን ትሁን?» የሚል ክርክር ተነሣ። ባለቤቱ አራት፣ መቀመጫው ሁለት። የሒሳቡ ጠመኔ አንሥቶ፣ አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ቢቀመጥ ስድስት ዓይነት ጥንድ እንደሚወጣው በግድግዳው ላይ አሰላ። በመጨረሻ ዕቁብ አደረግናት። እሑድ ማታ ዕጣ ይጣላል፤ የወጣለት ሰው ገጹን በደብተሩ ውስጥ አድርጎ እስከሚቀጥለው እሑድ የመኪናዪቱ ባለቤት ይሆናል፤ ከጎኑ ማን እንደሚቀመጥም እሱ ይመርጣል፤ በምትኩ ለሁላችንም ሻይ ይከፍላል። እንደ ማንኛውም ዕቁብ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው ጓደኛው ሊለቅለት ይችላል የሚል ደንብም ነበረን።

በቀለሟም ተከራክረናል። ፎቶግራፉ ቀለም የለውምና የስፖርቱ ቀይ ናት አለ፤ የሒሳቡ ነጭ፣ እኛ ቢጫ አልን። የጂኦግራፊው ብቻ «ውኃ አረንጓዴ ናት» ብሎ ድርቅ ስላለ ስንስቅበት ከረምን። ከዓመታት በኋላ ስልክ እጃችን ገብቶ ስናነብ መኪናዪቱ የተሸጠችው በአራት ቀለም ነበር፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫና ፈዛዛ አረንጓዴ። አራታችንም ልክ ነበርን።

ካነበብነው ሌላውንም ባጭሩ እናካፍላችሁ። ሄንሪ ካይዘር በ13 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። ግድብ ከሚሠሩት አንዱ ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በካሊፎርንያ፣ ሪችመንድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 አንድ የጭነት መርከብ አምስት ቀን ባልሞላ ጊዜ አስገጣጥሞ ዓለምን አስገረመ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ መኪና ፋብሪካ ዞረ። ሃዋርድ ዳሪን ደግሞ በፓሪስ ለሀብታሞች መኪና ሲነድፍ የኖረ፣ በኋላም በሆሊዉድ የሠራ ነዳፊ ነው። ዳሪን ማንም ሳያዘው በገዛ ገንዘቡ፣ ሄንሪ ጄ በተባለችው ርካሽ መኪና ሻንሲ ላይ ባለ ሁለት መቀመጫዋን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1952 ለካይዘር አሳየው። ካይዘር ያላዘዘው ነገር ስለ መጣበት ተቆጣ ይባላል፤ ነገሩን ያበረደችው መኪናዪቱን አይታ የወደደቻት ሚስቱ ናት ይላሉ።

አካሏ ላሜራ ሳይሆን ፋይበርግላስ ነው። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 90 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ የዊሊስ ሥራ ነው። ዊሊስ ሲባል አገር ቤት ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ባለ ጂፑ ማለት ነው፤ ካይዘር ያንን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ገዝቶት ነበር። የዳሪን ሞተር አንዱ ቫልቭ ከላይ ቴስታታው ላይ፣ ሌላው ከታች ብሎኩ ውስጥ መሆኑ ከአንዳንዶቹ ጂፖች ሞተር ጋር ያዛምደዋል። እንግዲህ ይቺ የሆሊዉድ እመቤት በሞተሯ በኩል በጭቃ ውስጥ እያጓራ ከሚያልፈው ጂፕ ጋር የሥጋ ዘመድ ናት ማለት ነው። ይህን ባነበብን ዕለት ብቻችንን ሳቅን።

ገበያው ግን አልቀናትም። ዋጋዋ 3,668 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነው። ቸቭሮሌት ኮርቬትን እ.ኤ.አ. በ1953 አውጥቶ ነበር፤ ፎርድም ተንደርበርድን ለ1955 ሲያቀርብ በርካሽ ዋጋና በበለጠ ጉልበት መጣ። የካይዘር የቤት መኪናዎችም ራሳቸው እየከሰሩ ነበርና ሥራው ባንድ ዓመት ውስጥ ቆመ። ለገበያ የተሠሩት 435 ብቻ ናቸው። ሳይሸጡ ቀርተው ሜዳ ላይ በረዶ የወረደባቸው እንደነበሩ ይነገራል። ከቀሩት ሃምሳ ያህሉን ዳሪን ራሱ ገዝቶ ለአንዳንዶቹ የካዲላክ ሞተር አስገብቶ ሸጣቸው። ሰው የገዛ ልጁን ከበረዶ ላይ ሲያነሣ ታየን።

ዛሬ እነዚህን መኪናዎች የሚሰበስቡ ሰዎች በአሜሪካ አሉ። ፋይበርግላስ አይዝግምና ብዙዎቹ ተርፈዋል፤ ነገር ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የሚደፍን ሰው እጀ ብልኅ መሆን አለበት። የሞተሩ ዕቃ ከዊሊስ፣ የሻንሲው ከሄንሪ ጄ ይገኛል። አስቸጋሪው ያ የወደድነው በር ነው፤ ሐዲዱ ውስጥ አቧራና ቆሻሻ ሲገባ መሐል መንገድ ላይ ይነክሳል፤ ባለቤቱም በሩን ትቶ ከላይ ተራምዶ ይገባል። በደንብ የታደሰች አንዷ በጨረታ ከ100,000 ዶላር በላይ ያወጣችበት ጊዜ አለ።

እኛን ያስቀናን ግን ዋጋው አይደለም። እነዚህ ሰዎች መዝገብ ይይዛሉ። የሻንሲ ቁጥሯ ስንት ነው፣ የመጀመሪያ ቀለሟ ምን ነበር፣ ሞተሯ የራሷ ነው ወይስ የተቀየረ፣ ከማን ወደ ማን አለፈች እያሉ አንድ በአንድ ይከታተላሉ። አንዲቱ ከአሮጌ ጎተራ ውስጥ ጎማዋ ተንፍሶ ብትገኝ ደስታቸው የጠፋ በግ እንዳገኘ እረኛ ነው። መኪና የት እንደ ደረሰ እንዲህ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ እንምጣ።

ከተመረቅን በኋላ የስፖርቱ ሩቅ ወረዳ ተመድቦ ሄደና ትዳር ያዘ። ሦስታችን በአንድ ትምህርት ቤት ተመደብን። ዕቁባችን በሦስት ሰው ቀጠለ፤ ጎረምሳነት አልፎ እንኳ እሑድ እሑድ ዕጣ መጣሉን አልተውንም። ከዚያ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ቀን መጣ። የመምህራን ስም በወረቀት ተይዞ የሚፈለግበት ሳምንት ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ሽንኩርት የጫነ አንድ አይሱዙ ተገኘ። ሾፌሩ በደግነት ተናገረን፤ «ከላይ ማንንም አልጭንም፤ ኬላ ላይ ያወርዱታል። ጋቢና ውስጥ ግን ሁለት ሰው እንደ ረዳትና እንደ ነጋዴ ይሄዳል» አለ።

ሁለት መቀመጫ።

እንደ ልማዳችን ዕጣ ጣልን። ለጂኦግራፊውና ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወጣ። የሒሳቡ ባዶ ወረቀት ደረሰው፤ ያን ጊዜ ወባ ይዞት ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። የጂኦግራፊው የሒሳቡን ግንባር በመዳፉ ዳሰሰና ዕጣውን እጁ ውስጥ አኖረለት። «ደንብ ነው፤ ለቸገረው ይለቀቃል» አለ። ገጹ የማን ጋር እንደ ነበረ ብንጠይቀው ደረቱን መታ መታ አድርጎ፣ «ሳምንቱ የኔ ነው፤ መኪናዋ ያለችው እኔ ዘንድ ስለሆነ እኔ ቀድሜያችሁ እደርሳለሁ» ብሎ ሳቀ። ነገ በሌላ መኪና እንደሚከተለን ተስማማን።

እኛ ዕጣችንን አልለቀቅንም። እዚህ ላይ «እኛ» ማለት አንድ ሰው ነው። «አንተ ግባ፤ እኔ ልቅር» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ደርሶ ነበር፤ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ግን ዋጥነው። የጋቢናው በር እንደማንኛውም በር ወደ ውጭ የሚከፈት ነበር። የጂኦግራፊው ከውጭ ገፍቶ ዘጋልን።

የሒሳቡ ድኖ አብሮን እዚህ ካኩማ ኖረ፤ ፕሮሰሱ አልቆለትም ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ካናዳ ሄደ። የጂኦግራፊው ግን በማግሥቱም፣ በወሩም አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው አላገኘንም። ሰዎች «ብቻህን ሆነህ ስለምን እኛ እኛ ትላለህ?» ይሉናል። መልሳችን ይኸው ነው። እኔ ካልን ያ ሌሊት ያበቃለታል፤ እኛ እስካልን ድረስ ግን ዕቁቡ አልፈረሰም።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ለክፍላችን ተማሪዎች መኪናዪቱን በጠመኔ ሥለን አሳየናቸው። ልጆቻችን ከሽቦ መኪና መሥራት እንደሚያውቁበት ታውቃላችሁ። ሽቦውን አጥፈው ሻንሲ አደረጉ፤ ከዘይት ቆርቆሮ አካሏን ቆረጡ፤ ከተጣለ ነጠላ ጫማ ጎማ አወጡ። በሩን በሽቦ ሐዲድ ላይ አስገቡት። እንደ ዋናዋ ሁሉ የኛዋም በር የካኩማን አሸዋ አልቻለችም፤ በሁለተኛው ቀን ነከሰ። አንዲት ልጅ በምስማር የሐዲዱን ታች ቀዳዳ ቀዳዳ አደረገችውና አሸዋው በዚያ እየወረደ በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ደጋግሞ አየና፣ «ቲቸር፣ ሌላው ሰው የት ይቀመጣል?» አለን። መልስ አጣንለት። በማግሥቱ ጠዋት ስንመጣ ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ላይ፣ ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ አግዳሚ በሽቦ ታስራ አገኘናት። ሰብሳቢዎቹ ቢያዩዋት ኖሮ «ኦሪጅናልነቷ ተበላሸ» ብለው ያዝኑ ነበር። እኛ ግን አላስፈታናትም።

መኪናዪቱ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት መስኮት ላይ አለች። ማየት የሚሻ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይጠይቅ።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። ከአዲስ መጤዎች መካከል፣ ወይም በሌላ ካምፕ ካሉ ዘመዶቻችሁ መካከል፣ ቀጠን ያለ ረጅም የጂኦግራፊ መምህር ያየ ቢኖር ለመጽሔቷ አዘጋጆች ይንገርልን። ምልክቱ፣ ካርታ ሳይኖረው የዓባይን ጎዳና ከጣና ጀምሮ በጣቱ በአየር ላይ የሚሥል ሰው ነው። በደብተሩ ውስጥ የአሮጌ መጽሔት ገጽ ሊኖር ይችላል። ብታገኙት ሳምንቱ ካለፈ ብዙ እሑድ እንደ ሆነ ንገሩት። ደንቡ ሻይ የሚከፍለው ባለ ዕጣው ነው ይላል፤ የዚህን ጊዜውን ግን እኛ እንከፍላለን።