በመርከብ የዋልሁበት የመጀመሪያው ቀን

በደጋ ተወልዶ በደጋ ያደገ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ነው። እኔም ጠጉሬ እስኪሸብት ድረስ ከዚህ የተሻለ ዕውቀት አልነበረኝም። አባታችን ግን በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ተገኝታ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም በተሰጣት መርከብ አገልግለዋል። ስለ ባሕር ሲያወሩ እኛ ልጆቻቸው እንደ ተረት እንሰማቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በአሜሪካ አገር በነርስነት ስታገለግል የኖረችው ታላቅ እህቴ ጡረታ ወጣችና፥ ካጠራቀመችው ገንዘብ ለሁለት ሰው ከፍላ «አባባ የነገሩንን ሳናይ አንሙት» ስትል ጠራችኝ።

የተገናኘነው በአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ፥ በኡሽዋያ ከተማ ነው። ወሩ ታኅሣሥ፥ ፀሐይ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት የማትጠልቅበት ጊዜ ነበረ። ከከተማዪቱ በስተኋላ በረዶ ያልለቀቃቸው ተራሮች ቆመዋል፤ ከፊቷም የቢግል ሰርጥ እንደ ሐይቅ ረግቶ ተዘርግቷል። ሰርጡ ስሙን ያገኘው ቻርልስ ዳርዊን ከተሳፈረባት የእንግሊዝ መርከብ ሲሆን፥ ሊቁም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 በዚሁ ውኃ ላይ አልፏል።

በወደቡ የቆሙት ታላላቅ መርከቦች ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ይመስሉ ነበር። የእኛዪቱ መቶ ያህል ተሳፋሪ ብቻ የምትይዝ ስለ ነበረች በመካከላቸው እንደ ጥጃ ታየችኝ። «እትዬ፥ ውቅያኖሱን የምታሻግረን ይህች ናት?» ብዬ ብጠይቃት፥ «አንተ ደግሞ፥ ገና በመሬት ላይ ሳለህ ፈራህ!» ብላ ሣቀችብኝ። የመርከቢቱ ትንሽነት ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። በአንታርክቲካ በአንድ ሥፍራ በአንድ ጊዜ ከመቶ የሚበልጥ ተሳፋሪ ወደ የብስ እንዳይወርድ፥ ከአምስት መቶ በላይ ተሳፋሪ የጫነች መርከብም ጨርሶ ሰው እንዳታወርድ መንግሥታት ተስማምተዋል።

ተራችን ደርሶ በመወጣጫው ድልድይ ወጣን። ፓስፖርታችንን ተቀበሉንና በምትኩ ስንወርድም ስንመለስም የምናሳየው ካርድ ሰጡን። ክፍላችን ጠባብና ንጹሕ ነበረች። አልጋው ሰው እንዳይወድቅ በጎኑ ከፍ ያለ ጠርዝ ተደርጎለታል፤ ወንበሩ ከወለሉ ጋር በሰንሰለት ታስሯል፤ በየመተላለፊያው ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ተዘርግቷል። ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ ዕቃው ሁሉ ለማዕበል ታስሮ ሳይ ልቤ ጥቂት ፈራ።

ሻይ እንጠጣ ስንል ጡሩንባው ሰባት ጊዜ በአጭሩ፥ በስምንተኛው ረዝሞ ጮኸ። አስቀድሞ ተነግሮን ስለ ነበረ የመንሳፈፊያ ሰደርያችንን ይዘን ወደ ተመደብንበት አዳራሽ ሄድን። ሰደርያው ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሲሆን ትንሽ መብራትና ፊሽካ ተንጠልጥለውበታል። አንዲት የመርከብ መኰንን ስማችንን እየጠራች ቈጠረችንና አንድ ሰው ጐደለ። ሠራተኞቹ ወደየክፍሉ ተላኩ። አምስት ደቂቃ፥ ዐሥር ደቂቃ አለፈ፤ አንዳንዱም ሰው ያጕረመርም ጀመር። መኰንኗ ግን መዝገቧን ይዛ ቆመች እንጂ «እንቀጥል» አላለችም። በመጨረሻ የመስሚያ መሣሪያውን አውልቆ ተኝቶ የነበረ አንድ ሽማግሌ ተደግፎ መጣ። ያጕረመረመው ሁሉ አቀረቀረ።

እኔ ያቀረቀርሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነበረ። አባታችን ከባሕር ኃይል ተሰናብተው በአዲስ አበባ ከተቀመጡ በኋላ፥ በዓመት ሁለትና ሦስት ሌሊት ፊሽካ ነፍተው ይቀሰቅሱን ነበር። መብራት ሳናበራ በጓሮ በር ወጥተን እንሰለፋለን፤ እሳቸውም ይቈጥሩናል። እናታችን «ይህ ቤት በድንጋይ ላይ የቆመ ነው እንጂ አይንሳፈፍም» እያሉ ይቈጡ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ጊዜ አንድ ሌሊት ፊሽካውን ሰምቼ፥ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ አልወጣም ብዬ ቀረሁ። በመስኮቱ በኩል «አንድ ሰው ጐድሏል» ሲሉ ሰማኋቸው። እህቶቼን በብርድ አቁመው ረጅም ጊዜ ጠበቁኝ። ከዚያ ገብተው፥ አንድም ቃል ሳይናገሩኝ በሬን ቀስ ብለው ዘጉት። ከዚያች ሌሊት ወዲያ ፊሽካውን ነፍተው አያውቁም። እኔም ድል እንዳደረግሁ ቈጥሬው ነበር።

ይህ የቈጠራ ሥርዐት በከንቱ የተደነገገ አይደለም። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ1,500 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ጀልባዎቿ ከተሳፋሪው ለግማሹ ያህል ብቻ የሚበቁ ሳሉ፥ አንዳንዶቹ እንኳ ሳይሞሉ ወርደዋል። በዚያ ጥፋት ምክንያት በ1914 መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ስለ መጠበቅ ውል ተፈራረሙ። መቶ ዓመት ቈይቶ በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ በኢጣልያ ጠረፍ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ። የዚያን ጊዜው ደንብ ልምምዱን እስከ ሃያ አራት ሰዓት ማቈየት ይፈቅድ ስለ ነበረ፥ በዚያው ቀን ከተሳፈሩት ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩት ገና አልተለማመዱም ነበር። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከብ ከመነሣቷ በፊት ወይም እንደ ተነሣች ወዲያው እንዲደረግ ታዘዘ። እንግዲህ ያ ያሰለቸን ሩብ ሰዓት በሙታን ዋጋ የተገዛ ነው።

ወደ ማታ ገመዱ ተፈታ። በስተግራችን አርጀንቲና፥ በስተቀኛችን ቺሌ እያለፉ፥ ጥቋቍር ወፎች የተኰለኰሉባቸውን ትናንሽ ደሴቶች አየን። እህቴ ከጐኔ ቆማ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አባባ ቢኖሩ ዛሬ በሰዓት ይለኩን ነበር» አለችኝ። እኔም ያን ሌሊት ነቅቼ እንደ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኋት። «እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር» አለች።

ጨለማው ሲበረታ የሰርጡን መንገድ የሚመራው ሰው በትንሽ ጀልባ ተቀብለው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ያለው፥ በጠባቡ በኩል እንኳ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው የድሬክ መተላለፊያ ይጠብቀን ነበር። ወለሉ ከእግራችን በታች ቀስ እያለ መነሣትና መውረድ ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፥ ለክፉ ቀን የሚያዘጋጀን ሰው በደኅናው ቀን ሲታይ አሰልቺ ነው። በመሥሪያ ቤትም፥ በትምህርት ቤትም፥ በቤትም እንዲህ ያለ ሰው አለ። እኔ የአባቴን ትጋት ከሥጋት ቈጥሬ ናቅሁት፤ ፍቅር መሆኑን ያወቅሁት ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ካጣሁ በኋላ ነው።

ከመተኛታችን በፊት እህቴ ጫማዋን በበሩ አጠገብ አስተካክላ አኖረች፤ ካፖርቷንም ከላይ ሰቀለች። እኔም የእኔን ጫማ አጠገቡ አኖርሁ። መብራቱን ስታጠፋ በጨለማው ውስጥ «ሁለት፤ ተሟልቷል» ስትል ሰማኋት።