ጃክ ቶራንስ አባት ነበር

ዛሬ ስለ «ዘ ሻይኒንግ» በተነሳው ክርክር «ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን ባያነብ ምን ይቀርበታል?» ላላችሁ፦ ዋናው ነገር ይቀርበታል። ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራው ፊልም ማስፈራቱን አልክድም፤ ያ ሕፃን በባዶው ኮሪደር ብስክሌቱን ሲነዳ ልቡ የማይሰቀል ማን አለ? ስቴቨን ኪንግ በ1977 ያሳተመው ልቦለድ ግን የሚያስፈራው በሌላ በኩል ነው። እዚያ ጃክ ልጁን ይወዳል። ሰክሮ የልጁን ክንድ ሰብሯል፤ በኋላ መጠጡን እርግፍ አድርጎ ቢተውም ተማሪ ደብድቦ ከመምህርነቱ ተባሯል። ክረምቱን ሆቴል ሊጠብቅ የሚሄደው የፈረሰ ትዳሩን ሊያቆም ነው፤ ሆቴሉ ቀስ እያለ የሚበላውም ይህንኑ ጥረቱን ነው። በፊልሙ እርሱን ሆኖ የሚተውነው የጃክ ኒኮልሰን ፈገግታ ግን ገና ለሥራው ሲጠየቅ ጀምሮ ያስደነግጣል። ኪንግም የተቃወመው ይህንን ነበር። ሲገባ ያበደ ሰው ውስጥ ገብቶ ቢያብድ ማን ያዝንለታል?

የሃሎራን ነገርማ ጭራሽ አይዋጥልኝም! የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ዲክ ሃሎራን ሕፃኑን ዳኒን ሊያድን ከፍሎሪዳ ተነስቶ፣ ያን ሁሉ በረዶ አቋርጦ ይደርሳል፤ ፊልሙ ገና ከበሩ ገባ እንዳለ በመጥረቢያ ይገድለዋል። ስካትማን ክሮዘርስን የሚያህል ተዋናይ! ጃክ በፊልሙ ውስጥ ሲገድል የምናየው እርሱን ብቻ፣ ጥቁሩን ሰው ብቻ ነው። እናትና ልጅ የሚያመልጡትም እርሱ ባመጣው የበረዶ ተሽከርካሪ ነው። በልቦለዱ ሃሎራን ተደብድቦም ይተርፋል፤ መጨረሻ ላይ አባቱን ያጣውን ዳኒን አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጽናናው እርሱ ነው።

«ፊልም የመጽሐፍ ባሪያ አይደለም» ትሉኛላችሁ፤ እስማማለሁ። ኪንግ ራሱ ስክሪፕቱን ጽፎለት በ1997 በቴሌቪዥን የቀረበው ባለ ሦስት ክፍል ድራማ መጽሐፉን እግር በእግር ተከትሎም የኩብሪክን ግማሽ አያስፈራም። ክፍል 217 ወደ 237 ቢለወጥ፣ መዶሻው መጥረቢያ ቢሆን ግድ የለኝም። የሚቆጨኝ የመጨረሻው ደቂቃ ነው። በልቦለዱ ጃክ ልጁ ፊት ቆሞ ለአፍታ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ እንደሚወደው ነግሮት «ሽሽ» ይለዋል። ከዚያ ሳይታይ የቆየው ቦይለር ሆቴሉን ይዞት ይፈነዳል። በፊልሙ በረዶ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ በዚያች ሰዓት ለልጁ የሚለው አንድም የፍቅር ቃል የለውም። ማይክ ፍላናጋን በ2019 የታሪኩን ቀጣይ ፊልም «ዶክተር ስሊፕ»ን ሲሠራ ያንን ወደ ራስ መመለስ፣ ያንን ቦይለር፣ ያንን ቃጠሎ አንስቶ ለጎለመሰው ዳኒ ሰጠው። ለአባቱ ነበር የሚገባው፤ ያውም ከ39 ዓመት በፊት።