ከኢየሩሳሌም እስከ ቴል ሞንድ

የብርቱካን አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን እስራኤል፣ ቴል ሞንድ ብትመጡ፣ ከአውቶቡስ ሳትወርዱ ሽታው ይቀበላችኋል። አጎቴ እዚያ ፓርዴስ በሚሉት የብርቱካን እርሻ ውስጥ ይለቅሙ ነበር። እኔና አያቴ እምዬ ዓርብ ዓርብ ጠዋት የሰንበት ዳቦ ይዘንላቸው ከኔታንያ እንሄዳለን። በነጠላ የተጠቀለለው ዳቦ ገና ትኩስ ነው፤ ጭኔን ያሞቀኝ ነበር።

"ቴል" ማለት ጉብታ ነው ሲሏት፣ እምዬ በመስኮቱ አገሩን ቃኘች። የስሜን ተራራ እያየች ያደገች ሴት፣ ፊቷ ያለው ለጥ ያለ ሜዳ። "ምነው፣ ጉብታውን ማን ወሰደው?" አለች። "ሞንድ" ደግሞ መንደሩን እ.ኤ.አ. በ1929 ያስቆረቆረው እንግሊዛዊ ባለጸጋ፣ የአልፍሬድ ሞንድ ስም ነው።

ጎንደር ሳለን ለእኛ እስራኤል ሁሉ "ኢየሩሳሌም" ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991፣ ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ፣ አውሮፕላኑ ሎድ ሲያወርደን ኢየሩሳሌም ገባን። ኔታንያ ቤት ሲሰጠንም እዚያው ኢየሩሳሌም ነን። ታዲያ አንድ ዓርብ፣ ትምህርት ቤት ካርታ ያየሁ እኔ ጎበዙ፣ "እምዬ፣ ኢየሩሳሌም እኮ ሌላ ከተማ ናት፤ ገና አላየናትም" አልኳት። ዝም አለች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን ቆሎ ፈታ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ምነው ባልነገርኳት እላለሁ ዛሬ።

አጎቴ ግን በቃል ነገር ዝም አይሉም። ጎረቤታቸው የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። እጇ የተባረከ፣ ቡናዋ ከሩቅ የሚጠራ። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ 'አንቱ' እኮ ድሮ ቀረ፤ ትክክሉ 'እርስዎ' ነው" አለቻቸው። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"እናንተስ 'አንቱ የተባለ ሐኪም' ትሉ የለ? እስቲ 'እርስዎ የተባለ ሐኪም' በይልኝ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቶናውን ስታቀርብላቸው ጎንበስ ብላ፣ "አንቱ፣ ይጠጡልኝ" አለች። በእኔ ሚዛን ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ አንዱ የጎንደር፣ አንዱ የሸገር ክብር ነው።

ዕብራይስጥ ይህን ጣጣ አያውቅም። ለጠቅላይ ሚኒስትሩም "አታ" ነው፣ ለሕፃኑም "አታ"። ልጆቻችን አማርኛ ሲሞክሩ ሽማግሌውን ሁሉ "አንተ" የሚሉት ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ላይ አጎቴን ያንገበግባቸው ነበር።

እምዬ ካረፈች ቆየች። ፓርዴሱም ብዙው ቤት ሆኗል። ባለፈው ዓርብ ቡና ሲቀርብ አጎቴ በረንዳ ላይ ነበሩ። ልጄን፣ "አያትሽን ጥሪ፤ 'አንቱ' ማለት እንዳትረሺ" አልኳት። ሮጣ በረንዳው ላይ ፊታቸው ቆመችና ጮክ ብላ፣

"አንቱ፣ ና!"

"'ይምጡ' በይ እንጂ" ልላት አፌን ስከፍት፣ አጎቴ እጃቸውን አነሡብኝ።

"ተዋት፤ አንቱ ብላኛለች።"

ከዘራቸውን በአንድ እጅ፣ እሷን በአንድ እጅ ይዘው መጡ።